ሥራህን ይዘህ ና፦ የፈጠራ ተሰጥኦ ያላቸውን ወጣቶች እንዴት እናማክር?

ይህን የምጽፈው በትምህርት ቤትም ሆነ በግል ቢሮ ለምታማክሩ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ክፍላቸው ውስጥ አንድ ሆደ ባሻ ሠዓሊ ወይም ገጣሚ ተቀምጦ ግራ ለገባቸው መምህራን ነው። እኔ ጋ የሚመጡት በብዛት አዲስ አበባ የሚኖሩ ወጣት ሠዓሊዎች፣ ሙዚቀኞችና ጸሐፊዎች ናቸው። ማንም እንዳይታወቅ ስል ታሪኮቹን ቀያይሬያቸዋለሁ፣ አንዳንዱንም ከሌላው ጋር ቀላቅያለሁ።

እነዚህን ልጆች ለማግኘት መግቢያው በር ሥራቸው ነው። ከገባን በኋላ የሚጠብቀን ሥራ ደግሞ የሰውነታቸውን ዋጋ በሠሩት ነገር ልክ መመዘን እንዲተዉ መርዳት ነው። ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላሉ። በተግባር ግን አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

የመጀመሪያው ቀን

ቀጠሮ ለሚይዝ ወጣት በስልክ የምለው ይህንን ነው፦ "ስትመጣ አሁን የምትሠራውን ነገር ይዘህ ና፤ ያለቀ ባይሆንም ችግር የለውም።" ክራር የሚመታ ክራሩን፣ የምትጽፍ ደብተሯን፣ ሙዚቃ በኮምፒውተር የሚያቀናብር ስልኩ ላይ የጫነውን ረቂቅ ይዞ ይመጣል። "ምን ሆነህ ነው?" ሲባል "ምንም" ብሎ አንገቱን የሚደፋ ልጅ፣ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን አፉ ይፈታል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ይሄኛው ላይ ለምን ቆምክ? መጨረሻ ያሳየኸው ለማን ነው፣ እሱስ ምን አለህ? ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትሠራው፣ ከዚያ በፊትስ ምን በላህ? ማንም እንደማያየው ብታውቅ ምን ትሠራ ነበር? ለእነዚህ በሚሰጠው መልስ ውስጥ እንቅልፉም፣ ብቸኝነቱም፣ የገንዘብ ችግሩም፣ በራሱ ላይ ያለው ጭካኔም ይወጣል። ስለ ስሜቱ በቀጥታ ሳልጠይቀው ስሜቱን ይነግረኛል።

ሥራውን ስታዩ አታድንቁ። ይሄ ለብዙ አማካሪ ይከብደዋል፤ ደግነት ስለሚመስለን። "እንዴት ያምራል!" ያላችሁት ልጅ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እናንተን ማስደሰት ሁለተኛ ሥራው ይሆናል። ምንም ያልሠራበት ሳምንት ሲመጣ ደግሞ አፍሮ ቀጠሮውን ይቀራል፤ ከሁሉ ይበልጥ እናንተን የሚፈልግበት ሳምንት ያ ነው። በአድናቆት ፋንታ ያያችሁትን ተናገሩ፦ "እዚህ ጋ ቀለሙ ተደራርቦ ወፍሯል፣ ፊቱ ግን ባዶውን ቀርቷል። እንዲህ የተውከው አስበህበት ነው?" መተርጎምም የእናንተ ድርሻ አይደለም። ጥቁር ቀለም በዛ ማለት ድብርት አለ ማለት አይደለም፤ ደማቅ ቀለም የሚቀቡ፣ ከአልጋ መነሳት ያቃታቸው ልጆች አጋጥመውኛል።

አንዲት የሥነ ጥበብ ተማሪ ስኬችቡኳን ጠረጴዛዬ ላይ ከፍታ አስቀመጠች። ሥዕል ያለባቸው ገጾች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጥራዙ መሐል ላይ ግን የተቀደዱ ገጾች ቅሪት ተደራርቦ ቆሟል፤ አንዳንዱ ላይ የእርሳስ መስመር ጫፍ ይታያል፣ አንዱ ላይ ግማሽ ጆሮ ቀርቷል። "እነዚህስ?" አልኳት። "እነሱ አይታዩም" አለችኝ። የዚያን ቀን ስለ ሌላ ነገር አላወራንም። ለሳምንቱ የሰጠኋት ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ መቅደድ ሲያምርሽ ገጹን ገልብጪና ጀርባው ላይ ሰዓቱን ጻፊ። ስትመለስ የተጻፉት ሰዓቶች ሁሉም ለማለት ይቻላል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ነበሩ። ቀን የሠራቻቸው አልተገለበጡም። ከዚያ በኋላ ለበርካታ ሳምንታት የሠራነው በእንቅልፏ ላይ ነው። ስለ "በራስ መተማመን" ብሰብካት ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።

ጠባዩን፣ ኑሮውን፣ ሕመሙን ለዩ

ከፊታችሁ ያለው ነገር ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ ሦስቱ ይደባለቃሉ፣ መፍትሔያቸው ግን ለየብቻ ነው።

የመጀመሪያው ተፈጥሯዊ ጠባይ ነው። ፖላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ካዚሚየርዝ ዳብሮቭስኪ (እ.ኤ.አ. 1902–1980) ተሰጥኦ ያላቸው ሰዎች በአምስት መንገድ ከሌላው በላይ ይነካሉ ብሎ ነበር፦ በአካል እንቅስቃሴ፣ በስሜት ሕዋሳት፣ በአእምሮ፣ በምናብና በስሜት። ሐሳቡ ምርመራ አይደለም፣ በተመራማሪዎች ዘንድም ያከራክራል። እኔ የምጠቀምበት ለቤተሰብ ማስረጃ ለማሳየት ሳይሆን ለልጁ ቋንቋ ለመስጠት ነው። የብረት በር ሲጢጥ ሲል ጆሮውን የሚይዝ፣ በታክሲ ውስጥ ያየውን የአንድ ሽማግሌ ፊት ሦስት ቀን ከውስጡ ማውጣት የሚያቅተው ልጅ ዕድሜውን ሙሉ "ጥጋበኛ"፣ "አመለኛ"፣ "ፈዛዛ" ሲባል ኖሯል። ለዚያ ነገር ሌላ ስም እንዳለው መስማቱ ብቻ ትከሻውን ዝቅ ያደርገዋል። ሌላው ልታውቁት የሚገባ ነገር እድገታቸው ጎን ለጎን አለመሄዱ ነው። የ13 ዓመት ልጅ እንደ 20 ዓመት ሰው ያስባል፣ ሲከፋው ግን እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ያለቅሳል። "አንተን የመሰለ አዋቂ እንዲህ ያለቅሳል?" ማለት ቁስሉ ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ሁለተኛው ኑሮ ነው። የቤት ኪራይ፣ የቀለም ዋጋ፣ የቤተሰብ ጫና፣ ፈተና። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ውስጥ "ይሄ ልጅ ሊቅ ነው" እየተባሉ ያደጉ ነበሩበት፤ ከዚያ በኋላ ብሩሽ መንካት ያቃታቸውም። ይህንን ሐዘን በምክር ብልሃት ለማከም መሞከር ትርፉ ድካም ነው። ቁጭ ብሎ አብሮ ማዘን፣ ቀጥሎም የሚቀጥለውን ዓመት በወረቀት ላይ ማቀድ ይሻላል።

ሦስተኛው ሕመም ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

"መድኃኒቱ ተሰጥኦዬን ይገድለዋል"

ባለሙያው ራሱም፣ አድናቂውም፣ አንዳንዴ እኛም አማካሪዎች፣ ጥበብና ስቃይ ተነጣጥለው አይኖሩም ብለን እናምናለን። ይህ እምነት ሰው ይጎዳል፤ የታመመው ልጅ ሕክምናን እንዲሸሽ ያደርጋል።

ማስረጃው ምን ይላል? አሜሪካዊቷ ናንሲ አንድሪያሰን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመችው ጥናት 30 ደራሲዎችን ከ30 ሌሎች ባለሙያዎች ጋር አነጻጽራ፣ ከደራሲዎቹ 80 በመቶው በሕይወታቸው አንድ ወቅት የስሜት መዛባት ሕመም እንደነበረባቸው አገኘች፤ ከሌሎቹ 30 በመቶው። ይህ ቁጥር ብዙ ይጠቀሳል። የማይጠቀሰው የሚከተለው ነው፦ ናሙናው ትንሽ ነው፣ ደራሲዎቹ በሙሉ ከአንድ የጽሑፍ አውደ ጥናት የመጡ ናቸው፣ ማን ደራሲ እንደሆነ እያወቀች ቃለ መጠይቁን ያደረገችውም ራሷ ናት። ከሁሉ በላይ ደራሲዎቹ የሚጽፉት ደህና በሆኑበት ጊዜ እንጂ ሕመሙ ሲበረታባቸው አለመሆኑን ነግረዋታል።

ስለ መድኃኒቱም የዴንማርኩ ሐኪም ሞገንስ ስኮው እ.ኤ.አ. በ1979 ሊቲየም የተባለውን የስሜት ማረጋጊያ የሚወስዱ 24 የባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ታማሚ ጥበበኞችን ጠይቆ ነበር። 12ቱ ሥራችን ጨመረ አሉ፣ 6ቱ ምንም አልተለወጠም፣ 6ቱ ቀነሰ አሉ። ለልጆቹ ሦስቱንም ቁጥር እነግራቸዋለሁ። ስድስቱን ብደብቅ ነገ ሲያነቡት አያምኑኝም። "ቀነሰብኝ ካልክ ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን፣ መጠኑን ያስተካክላል፤ ብቻ በራስህ አታቋርጥ" እላለሁ። ያ ቃል መሬት ላይ መውረድ አለበት፤ ከቻላችሁ በእርግጥም አብራችሁ ሂዱ።

ዓይናችሁ ሊያልፋቸው የማይገቡ ምልክቶች አሉ። ልጁ ለአራት ቀናትና ከዚያ በላይ ጥቂት ብቻ እየተኛ ድካም ካልተሰማው፣ ንግግሩ ከፈጠነ፣ ገንዘብ መበተን ከጀመረ፣ በአንድ ሌሊት አሥር ዘፈን ጽፌ ዓለምን እለውጣለሁ ካለ፣ "ተመስጦ" ነው ብላችሁ አትለፉት። ሳይካትሪስት ይየው። አንድ ሳምንት ከሞላ፣ ወይም ያልተባለ ድምፅ መስማት ከጀመረ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። የፀረ ድብርት መድኃኒት ለባይፖላር ታማሚ ብቻውን ሲሰጥ ይህንኑ ከልክ ያለፈ የስሜት ከፍታ ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ወደ ሐኪም ስትልኩ ያያችሁትን የእንቅልፍና የጉልበት ለውጥ በደብዳቤው ላይ ጻፉ።

ለድብርት መለያ የሚያገለግለው ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ (ፒኤችኪው-9) በአማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትሿል፤ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ 10 እና ከዚያ በላይ ነጥብ በቅርብ መታየት እንዳለበት ያመለክታል። ወረቀቱን ሰጥታችሁ አትውጡ፣ አብራችሁ ሙሉት።

ስለ ጫት ሳይጠየቅ የሚያልፍ ቃለ መጠይቅ ደግሞ ግማሽ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የነርቭ ማነቃቂያ ነው። ከሰዓት ተቅሞ በምርቃና ይሠራል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ (መጠጥ) ይባላል፣ እንቅልፍ ሌሊቱን ይሸሻል፣ ጠዋት ድብታው ይጫናል፣ ከሰዓት ለመሥራት እንደገና ይቃማል። ከዚህ ዙር ውስጥ ሆኖ "ድብርት አለብኝ" ያለ ልጅ ድብርት ይኑረው ዑደቱ ይሁን መለየት አትችሉም። እኔ "አቁም" ብዬ አልጀምርም። "ሳትቅም የሠራኸውን አንድ ነገር አምጣልኝ" እላለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያያቸው ራሱ የሚናገረው ከእኔ ስብከት ይበልጣል። መቀነስ ሲጀምርም አስቀድመን የምንቀንሰው ጨብሲውን ነው፤ እንቅልፉን ይበልጥ የሚያበላሸው እሱ ስለሆነ፣ መተውም ስለሚቀለው።

ቤተሰቡ ወደ ጠበል ሊወስደው ቢፈልግ አትቃወሙ። ልጁ ራሱ ፈቅዶ ይሂድ፣ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ አይታሰር፣ ጾሙን ከመድኃኒቱ ጋር እንዴት እንደሚያስማማ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር።

ከቅኔ ቤት የተማርኩት

ፍጹም ካልሆነ አላሳይም የሚል ልጅ እንዴት ይረዳል? በዚህ ጉዳይ ከማንም የበለጠ የጠቀመኝ የቅኔ ቤቱ አሠራር ነው። አያቴ ቅኔ ቤት የኖሩ ሰው ነበሩ፣ ከእሳቸው እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ተማሪው ጉባኤ ቃና በሚባለው ባለ ሁለት ቤት (መስመር) ቅኔ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ የቅኔ ዓይነቶች እያለ፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ጋ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ቀን ቀን ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ያዘጋጃል። ማታ ወደ መምህሩ ተመልሶ ይነግራል። ይታረማል፣ ይጣልበታል፣ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ቅኔው አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው።

ይህንን ወደ ቢሮዬ አምጥቼዋለሁ። መጠኑ በጣም ትንሽ የሆነ ሥራ እንወስናለን፦ መዳፍ የምታህል ወረቀት፣ የግማሽ ደቂቃ ዜማ፣ ሁለት መስመር። በአንድ መቀመጫ ያልቃል። በዚያው ቀን ማታ ለአንድ ሰው ይነገራል ወይም ይታያል። በነገታው አይነካም፣ አይታረምም፣ ሌላ አዲስ ይሠራል። ሰሚው ሰው አድናቂ መሆን የለበትም፤ እኅት ትሁን ጓደኛ፣ "አየሁት" ካለች ይበቃል። መጀመሪያ ሳምንት ልጆቹ ይናደዳሉ። "ይሄ እኮ ቀሽም ነው" ይላሉ። አዎ፣ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ሌላ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ግድም ማታ ማሳየቱ ማስፈራቱን ይተዋል፤ መጠኑን ከፍ የምናደርገው ያኔ ነው። ቸኩላችሁ ወደ ትልቁ ሸራ አትመልሱት።

አሠራሩ ሌላም ነገር ያስተምራል። ብቻውን የመሆን ሰዓት የተፈቀደና የተከበረ ነው፤ ወደ ሰው የመመለሻውም ሰዓት እንዲሁ የታወቀ ነው። "ልጄ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል" የምትል እናት ስትመጣ የምጠይቃት ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ሳይሆን ሲወጣ ወደ ማን እንደሚወጣ ነው። ለራት ወጥቶ የሚጫወት ከሆነ ተዉት። ማንም ጋ የማይወጣ ከሆነ ያሳስበኛል።

አንድ ጓደኛ

እንዲህ ያለውን ልጅ "እንደ ሰው ሁን፣ ተቀላቀል" ማለት አይረዳውም። ሌታ ሆሊንግዎርዝ የተባለችው አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ (እ.ኤ.አ. 1886–1939) እጅግ ልዩ ችሎታ ያላቸው ልጆች የሚገለሉት ጠባያቸው ስለከፋ ሳይሆን በዕድሜያቸው የሚያዋራቸው ስለሚያጡ መሆኑን ቀድማ አይታለች። እኔም የማየው ይህንኑ ነው። አንድ ብቻ የሚገባው ሰው ሲያገኝ፣ ከሌላው ጋር ያለውም ጠብ ይበርዳል።

ሠዓሊና ገጣሚውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን አስቡ። ከኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ አብስትራክት ሥዕሎቹን ሲያሳይ "ኢትዮጵያዊ አይደሉም" የሚል ትችት ገጥሞታል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀብሏል። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ያስተምር ነበር፣ ሌላው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንም ከፓሪስ ሲመለስ እዚያው አስተምሯል። ትችቱ ልቡን ምን ያህል እንደነካው ልናገርለት አልችልም፤ ግን ሥራውን ከውስጥ የሚያዩ ሰዎች ባሉበት ቤት ይውል ነበር።

ስለዚህ ጓደኛ ፈልጉለት፣ በተግባር። ስድስት ኪሎ አካባቢ በገብረ ክርስቶስ ስም የተሰየመው ሙዚየም፣ የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመራቂዎች ኤግዚቢሽን፣ የጎተ ኢንስቲትዩትና የአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴስ ምሽቶች፣ የግጥም መድረኮች። "ሂድ" ብቻ አትበሉ። የሚቆይበትን ሰዓት (አርባ ደቂቃ ይበቃል)፣ የሚቆምበትን ቦታና የሚጠይቀውን አንድ ጥያቄ አብራችሁ ወስኑ፦ "ይሄን በምንድን ነው የሠራኸው?" ሠዓሊ ለዚህ ጥያቄ ፊቱን አያዞርም።

ቲክቶክ ላይ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ አስተያየት እያነበበ የሚያድር ካለ፣ የሚያነብበት ሰዓት ከምሳ በኋላ ይሁን፤ ማታ በፍጹም።

ከአባት ጋር መነጋገር

"ሂሳብ ይሰቅል የነበረ ልጅ፣ አሁን ኪቦርድ ሲነካካ ያድራል። አዝማሪ ሊሆንብኝ ነው?" ብለው የመጡ አባት ነበሩ። የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል፤ ቤታችን ውስጥ ግን ስድቡ እስከ ዛሬ አለ። ይህን ለአባትየው አልነገርኳቸውም። "ጋሼ፣ የሚያስፈራዎ ምኑ ነው?" አልኳቸው። ዝም አሉና "እኔ ስሞት ማን ያበላዋል?" አሉ።

ከዚህ በኋላ ንግግሩ ስለ ሥራና ገቢ ሆነ፣ ልጁም እዚያው ተቀምጦ ሰማ። የአንድ ዓመት ስምምነት ጻፍን፦ ከሰዓት በኋላ ሕፃናትን ኪቦርድ እያስተማረ የትራንስፖርቱን ይችላል፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይጫወታል፣ አባትየው ደግሞ በቅጣት መልክ መሣሪያውን አይነኩም። የመጨረሻውን ነጥብ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ኪቦርድ የተሸጠበት፣ ሥዕሉ የተቃጠለበት ልጅ ያንን ቀን አይረሳም።

ለእናትም ለመምህርም የምነግረው አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ ባወጡት ጥናት፣ "ብልህ ነሽ" ተብለው የተመሰገኑ ልጆች ከከሸፉ በኋላ፣ በጥረታቸው ከተመሰገኑት ይልቅ ቶሎ ተስፋ ቆርጠዋል። "ሊቅ ነህ" ከማለት "ይሄን ቦታ ሦስቴ ደጋግመህ ሠርተኸዋል፣ አየሁት" ማለት ይበልጣል።

ስለ ሞት ሲያወራ

ግጥሙ ውስጥ ሞት ካለ፣ ጠይቁ። በግልጽ፣ በሚገባው ቃል፦ "ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? አሁንስ?" መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ብዙዎች የጠየቀ ሰው በማግኘታቸው ይተነፍሳሉ። "ግጥም ነው" ካለ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ጥያቄውን በሌላ ቀን ድገሙት። ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ዕቅድ ካለው ብቻውን አይውል፣ አይደር። ቤት ያለውን መድኃኒትና ኬሚካል ቤተሰቡ ዛሬውኑ ያንሳ። በአቅራቢያችሁ የአእምሮ ሕክምና ወዳለው ሆስፒታል፣ አዲስ አበባ ከሆነ ለምሳሌ ወደ አማኑኤል፣ ከሚያምነው ሰው ጋር ይሂድ። ምስጢር እጠብቃለሁ ብዬ ቃል ስገባ በመጀመሪያው ቀን ይህኛውን እንደማልጠብቅ ነግሬዋለሁ፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ጋ ስደውል ክህደት አይሆንበትም።

ሥራው ሲያልቅ

ኤግዚቢሽኑ ከተከፈተ፣ አልበሙ ከወጣ፣ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ባለው ሳምንት ብዙዎቹ ይወድቃሉ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ እያለው ባዶነት ይሰማዋል፣ ያፍርበታል፣ ለማንም አይናገርም። ይህ እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ካልተነገረው እብደት ይመስለዋል። የምረቃውን ወይም የመክፈቻውን ቀን እንዳወቃችሁ፣ ከዚያ በኋላ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ቀጠሮ ያዙለት፣ አጭርም ቢሆን። ለዚያ ቀን የሚሠራ ነገር አታዙት። በልቶ፣ ተኝቶ፣ ባዶ እጁን ይምጣ።